ስንተኛ

ፍራንኮ ነው ሱቃችን፣ ከሐዲዱ ወዲህ፤
በሩ ላይ «ድንኳንና ወንበር ይከራያል» ይላል፣
«ያ»ዋን ነፋስ ልጧታል።
የአዳማ ነፋስ ፊደል ይመርጣል፤
አቧራው ግን አይመርጥም፣ ሁሉን ያለብሳል።

ማታ ማታ፣ ከሠርግም ከለቅሶም የዋሉ
ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች
ወጥ እንደነካቸው ከአይሱዙ ይወርዳሉ።
አባቴ ደንደና አንዷን መሬት ያስይዛል፤
ሌላዋን በላይዋ፣ ሌላዋን በላይዋ።
ጣቶቹን አጋድሞ እየለካ
ከንፈሩ የሚለው አንድ ነገር ነው፦
«ከበፊቷ ሦስት ጣት፣ ከበፊቷ ሦስት ጣት።»

ሌላ ሕግ የለውም።
መቶኛዋ ምን ያህል ትቆማለች ብትሉት
ዘጠና ዘጠነኛዋን ጠይቁ ይላል፤
እሷም ዘጠና ስምንተኛዋን ትጠራለች፤
እንደ ሽምግልና፣ ምስክር ምስክር እየጠራ
ቁልቁል፣ ቁልቁል፣
ማንም ላይ ያልወጣችው አንዲት ወንበር
«እኔ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነኝ» እስክትል።

መሐል ላይ ስልክ ከጮኸ ወዮለት፦
«ሃሎ? አዎ… ሁለት ድንኳን… ለቅዳሜ…»
ሲመለስ ድምሩ የለም።
ጎንበስ ይላል፣ ከመሬት ይጀምራል።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ መምህርት ወይንሐረግ
ጠመኔያቸውን አራግፈው እንዲህ አሉ፦

የፊቷን ያዢ፣
ከስንተኛው አንድ ቀንሺ፣
በልዩነቱ አባዢ፣
መደመሩን አትርሺ።

ይኸው ነው? ደረጃ ሳይወጡ ሰገነት!
«አንድ ለምን ይቀነሳል?» ብዬ ጠየቅኩ።
«የመጀመሪያዋ በማን ላይ ትወጣለች?» አሉኝ።

ያን ማታ ከበሩ ላይ ጮህኩ፦
«አባባ፣ ሃያኛዋ መቶ ዘጠና አራት!»
እሱ ገና ስድስተኛዋ ላይ ነው።
ዝም ብሎ ደረደረ። ሃያ ሲሞላ ሜትሩን ዘረጋ።
መቶ ዘጠና አራት።
ሜትሩን ሁለቴ አየው፣ እኔን አንዴ፦
«በየት በኩል ሄድሽ?»
«በስንተኛ በኩል።»
«ዘጠነኛዋን አየሻት?»
«አላየኋትም።»
«እህ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሳምንት ሙሉ ቀመሬ ቤቱን ገዛ።
ጣሪያችን ሁለት ሜትር ከሠላሳ ነው፤
ቆርቆሮው በቀን ይግላል፣ የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል።
ሰማንያውን አነሳሁ፣ ለስድስት አካፈልኩ፣
የፊቷን መለስኩ፦ ሃያ ስድስተኛዋ ቆርቆሮ ትነካለች።
«እንግዲያው ሃያ አምስት ደርድር፣
ስድስት ሳንቲ አየር ይተርፍሃል» አልኩት፣ እንደ መሐንዲስ።

ደረደረ።
ሃያ አምስተኛዋ ቆርቆሮውን ቋ አደረገችው።

ግድግዳው ላይ በከሰል ደግሜ ሠራሁ። ልክ ነው።
እንደገና ሠራሁ። አሁንም ልክ ነው።
አባቴ ግን ተንበርክኮ ከታች ጀመረ፣
ሦስት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ ሦስት ጣት…
አንድ ቦታ ላይ እጁ ቆመ፤ ሌላውን እጁን ጨመረ፦ ስድስት ጣት።

«ይቺ ወንጂ ሠርግ ላይ የጨፈሩባት ናት።
እግሯን በሽቦ አሰርኩላት፤
ከዚያ ወዲህ ከበታቿ ጋር አትስማማም።»

«ታውቃት ነበር! ለምን አልነገርከኝም?»

«ስንተኛ እንደሆነች መቼ አወቅኩ?
ከማን ቀጥላ እንደምትመጣ ነው የማውቀው።»

ቆጠርኩ፤ አሥራ ሦስተኛ።
አሥራ ሁለቱን ከላይዋ አንስቶ አወጣት፤
አሥራ አራተኛ የነበረችው ወርዳ አሥራ ሦስተኛ ተባለች፣
ቀመሬም ምንም እንዳልተፈጠረ ልኩን ተናገረ፦
ሃያ አራት ወንበር፣ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት።

ጎባጣዋን በሩ ላይ አኑሮ ተቀመጠባት፤
ሲጢጥ አለች፣ ቻለችው።
ከኮረብታው ላይ የነፋስ ማማዎቹ
ክንዳቸውን ያሽከረክራሉ፣ ማን ፊተኛ ማን ኋለኛ አይለይም።

«ሶሬቲ» አለኝ፣ ጫማውን እያወለቀ፣
«እስኪ በዚያ በአቋራጭሽ ሂጂና
ቀዝቃዛ ውሃ አምጪልኝ።»

ሄድኩ።
ከድንኳኑ ካስማ፣ ከጆንያው ክምር መሐል፣
በጨለማው ውስጥ እግሬ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፦
ከበፊቱ አንድ እርምጃ፣
ከበፊቱ አንድ እርምጃ።